በሚቀጥለው ሳምንት የሚመለስ ሳቅ

የታሪክ ዓምዳችን በዚህ ዕትም ስለ ነገሥታት ወይም ስለ ጦርነት አይናገርም። የሚናገረው ስለ ሳቅ ነው፤ ያውም ስለ አንድ ዓይነት ሳቅ። አያት፣ ወላጅና ልጅ በአንድ ክፍል ተቀምጠው፣ አንዱ ሌላውን ሳያፍር የሚስቁት ሳቅ። እንዲህ ያለው ሳቅ ተራ ነገር ይመስላል እንጂ የራሱ ታሪክ አለው። በታሪኩ ውስጥም የታገደ ቲያትር፣ ከለንደን የተመለሰ የአለቃ ልጅ፣ የንጉሠ ነገሥት አዋጅና የእኛው ሰፈር ጉለሌ አሉበት።

የምንነሳው ከአንድ ጥያቄ ነው። በየሰከንዱ አዲስ ቪዲዮ በእጃችን ላይ በሚፈስበት በዚህ ዘመን፣ ሰዎች ከ30 እና ከ50 ዓመት በፊት የተሠሩ፣ ቀልዳቸው በቃል የተያዘ፣ መጨረሻቸው የታወቀ አስቂኝ ድራማዎችን ደግመው ደጋግመው የሚያዩት ለምንድን ነው? እናንተ ራሳችሁ በቤታችሁ አስተውላችሁ ይሆናል። አባት ወይም እናት የድሮ ኮሜዲ ከዩቲዩብ ላይ ፈልገው ያገኙና፣ ቀልዱ ገና ሳይደርስ መሳቅ ይጀምራሉ። የሚስቁት ባልጠበቁት ነገር አይደለም። በሚጠብቁት ነገር ነው።

ሽማግሌዎቹ፣ ሚሊሻዎቹና ባለ አበባዋ ወይዘሮ

በዚህ ዓይነቱ ሳቅ ስማቸው የገነነው እንግሊዞች ናቸው። ሲትኮም የሚባለው የቴሌቪዥን ኮሜዲ አሠራሩ ቀላል ነው። አንድ ቤት፣ አንድ ሱቅ ወይም አንድ ሰፈር አለ። በውስጡ የማይለወጡ ጥቂት ሰዎች አሉ። በየሳምንቱ ለግማሽ ሰዓት ያህል አንድ ትንሽ ችግር ይገጥማቸዋል፤ ችግሩም እንደ ምንም ያልፋል። በሚቀጥለው ሳምንት እነዚያው ሰዎች፣ ከእነዚያው ጠባዮቻቸው ጋር፣ እዚያው ቦታ ይጠብቁናል።

ከእነዚህ መካከል በዕድሜ የሚወዳደረው የሌለው «ላስት ኦቭ ዘ ሰመር ዋይን» የተባለው ነው። ከ1973 እስከ 2010 እ.ኤ.አ. በቢቢሲ ሲታይ ኖሮ 295 ክፍሎች ደርሷል፤ ሁሉንም የጻፈው አንድ ሰው፣ ሮይ ክላርክ ነው። ታሪኩ በሰሜን እንግሊዝ በዮርክሻየር በምትገኝ ሆምፈርዝ በምትባል ትንሽ ከተማ ስለሚንጎራደዱ፣ ሥራ ስለሌላቸው ሽማግሌዎች ነው። ይራመዳሉ፣ ይከራከራሉ፣ ቁልቁለት ላይ ይንከባለላሉ፣ ሻይ ይጠጣሉ። ሌላ የለም። ሰው ይህንን 37 ዓመት ሙሉ ተመለከተ።

ሁለተኛው «ዳድስ አርሚ» ነው፤ «የአባባ ጦር» ብንለው ያስኬዳል። ከ1968 እስከ 1977 እ.ኤ.አ. ድረስ 80 ክፍሎች ታይቷል። መነሻው እውነተኛ ታሪክ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ በ1940 እ.ኤ.አ. የናዚ ጀርመን ጦር ወደ እንግሊዝ ይሻገራል ተብሎ በተፈራበት ጊዜ፣ ዕድሜያቸው ለግንባር ያለፈ ሽማግሌዎችና ያልደረሱ ልጆች ለሰፈር ጥበቃ ተሰባሰቡ። በመጀመሪያ በቂ ጠመንጃ እንኳ አልነበራቸውም። ሐሳቡን ያመነጨው ጂሚ ፔሪ ራሱ በወጣትነቱ በዚህ ጥበቃ ውስጥ ያገለገለ ሰው ነው። ድራማው ሊጀመር ሲል በቢቢሲ አለቆች ዘንድ ሥጋት ነበር፤ አገሪቱ የምትኮራበትን ያንን ክፉ ዘመን ያላግጥበታል ብለው ፈሩ። የሆነው ግን ሌላ ነው። በዘመኑ የነበሩት ሽማግሌዎች ራሳቸው ወደዱት። ድራማው ውስጥ አዛዡ ጉረኛ የባንክ ሥራ አስኪያጅ ነው፤ ፈሪ ግን አይደለም። ወታደሮቹ የሚሰለጥኑት በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ስለሆነ፣ ከአጥቢያው ቄስና ከአዳራሹ ጠባቂ ጋር ዘወትር ይጨቃጨቃሉ። የመዘምራን ልምምድና የወጣቶች ስብሰባ በአንድ አዳራሽ፣ በአንድ ሰዓት የተጋጨባችሁ ሰዎች ይህንን ለመረዳት ትርጉም አያስፈልጋችሁም።

ሦስተኛው «ኪፒንግ አፕ አፒራንስስ» ነው፤ ይህንንም የጻፈው ሮይ ክላርክ ነው። ከ1990 እስከ 1995 እ.ኤ.አ. ታይቷል። ዋናዋ ሴትዮ ከድሃ ቤተሰብ ተወልዳ፣ የታላላቅ ሰዎች ወገን ለመምሰል ቀንና ሌሊት የምትደክም ናት። የባሏ ስም በእንግሊዝኛ «ባልዲ» ማለት ነው። እርሷ ግን ስልክ ባነሳች ቁጥር አነጋገሩን ለውጣ «እቅፍ አበባ» ታሰኘዋለች። እንግዳ ጠርታ ምርጥ ሲኒዎቿን በደረደረች ጊዜ ሁሉ፣ የምታፍርባቸው ዘመዶቿ በአሮጌ መኪና እየተንገጫገጩ ከች ይላሉ። ይህች ሴት በእኛ ሰፈር የለችምን? ለእንግዳ ከጎረቤት ሳህን ተበድራ፣ ልጆቿን «የተበደርነው ነው እንዳትሉ!» ብላ የምታስጠነቅቀው ማን ናት?

እንግዲህ ልብ በሉ። በእነዚህ ሦስት ድራማዎች ሰነፉ፣ ጉረኛው፣ ራሱን የሚያታልለው ሁሉ ይሳቅበታል። ነገር ግን አንድም ሰው ከቤት አይባረርም። መባረርም አይችልም! በሚቀጥለው ሳምንት ያስፈልጋልና። ጸሐፊው ዛሬ ያንን ጉረኛ ቢያጠፋው፣ ለሚመጣው ሳምንት የሚጽፍለት ሰው ያጣል። ስለዚህ የዚህ ድራማ አሠራር ራሱ ይቅርታን ያስገድዳል። የረጅም ዕድሜው ምሥጢር አንዱ ይህ ይመስለኛል። የምንስቀው በሰውየው ድካም ነው፤ የምንወደው ግን ሰውየው ከነድካሙ ተመልሶ ገበታው ላይ ስለሚቀመጥ ነው።

በሳቅ የጀመረው ቲያትራችን

አሁን ወደ አገራችን እንምጣ። የኢትዮጵያ ዘመናዊ ቲያትር የጀመረው በሐዘን ወይም በጦር ታሪክ ሳይሆን በኮሜዲ መሆኑን ታውቃላችሁ? የመጀመሪያው ተብሎ የሚቆጠረው ተውኔት የበጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ» ነው። ተክለ ሐዋርያት በልጅነታቸው ሩሲያ ሄደው የተማሩ፣ በኋላም የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁ ሰው ናቸው። ከውጭ ሲመለሱ በአዲስ አበባ ያዩት ትርኢት አላረካቸውም። ስለዚህ እንስሳት እየተናገሩ የሰውን ክፋት የሚያሳዩበት ተውኔት ጽፈው፣ በከተማው ሆቴል ውስጥ ለመኳንንቱ አሳዩ። መኳንንቱ በአውሬዎቹ ውስጥ ራሳቸውን አዩ፤ ነገሩም ለሹማምንት አልጣፈጠም። በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ተውኔቱ ታገደ፤ ለዓመታትም ሌላ ቲያትር ሳይታይ ቀረ።

ይህ የሳቅ አንዱ ወገን ነው፤ የሚነክስ ሳቅ። ነካሽ ሳቅ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ። ነገር ግን አንዴ ነክሶ ታገደ፤ በሚቀጥለው ሳምንት አልተመለሰም።

ሌላው ወገን ከቲያትር በፊትም በአገራችን ነበረ። በየደብሩ፣ በየቅኔ ቤቱ፣ በየሰርጉና በየለቅሶው መካከል ሊቃውንቱና ሽማግሌዎቹ የሚጨዋወቱት ለዛ ነው። የአለቃ ገብረ ሐናን ቀልድ ያልሰማ ኢትዮጵያዊ አይገኝም። የአማርኛችንም ነገር ይገርማል፤ «ጨዋታ» የምንለው የልጆችን ሩጫም፣ የአዋቂዎችን ወግም፣ ቀልድንም ነው። ሰው ቤታችን ሲመጣ «ተጫወት» እንለዋለን። ተቀመጥ፣ አትቸኩል፣ ከእኛ ጋር ሁን ማለታችን ነው።

ለንደንን ያየ የአለቃ ልጅ

እነዚህን ሁለት ነገሮች፣ የአባቶችን ጨዋታና የአውሮፓን ኮሜዲ፣ በአንድ ያጋባ ሰው መንግሥቱ ለማ ነው። አባቱ አለቃ ለማ ኃይሉ የታወቁ የቤተ ክህነት ሊቅ ነበሩ። ልጁ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግሥት ለትምህርት ወደ ለንደን ተላከ። በዚያም የበርናርድ ሾውን ኮሜዲዎች አገኘ፤ በሳቅ አማካይነት ስለ ጋብቻ፣ ስለ ሀብትና ስለ መደብ መከራከር እንደሚቻል ተማረ። ከተመለሰ በኋላ ግን እንግሊዝን አልገለበጠም። የሊቃውንቱን ቀልድ ሰብስቦ «የአባቶች ጨዋታ» ብሎ አሳተመ፤ የአባቱንም ትዝታ ከአንደበታቸው ተቀብሎ መጽሐፍ አደረገው። ከለንደን የመጣ ወጣት የሽማግሌ አባቱ እግር ሥር ተቀምጦ ሲጽፍ አስቡት!

በ1950ዎቹ ሁለት የታወቁ ኮሜዲዎች ጻፈ። «ያላቻ ጋብቻ» የተማረ የባላባት ልጅ ከቤት ሠራተኛ ጋር ስላሰበው ጋብቻና ዘመድ ስላስነሳው ተቃውሞ ነው። «ጠልፎ በኪሴ» ደግሞ ተምረናል፣ ሠልጥነናል የሚሉ የከተማ ጎልማሶች፣ ሚስት በጠለፋ ለማግባት ሲያሴሩ የሚደርስባቸውን ያሳያል። እዚህ ላይ አንድ ነገር አስተውሉ፤ በእነዚህ ተውኔቶች ሳቁ የሚያርፈው ማን ላይ ነው? በሠራተኛዋ ላይ አይደለም፤ በዘር በሚኩራሩት ላይ ነው። በተጠላፊዋ ላይ አይደለም፤ በሠለጠነው ጠላፊ ላይ ነው። ሳቁ ወደ ላይ ይወጣል እንጂ ወደ ታች አይወርድም። ያም ሆኖ የሚሳቅባቸው ሰዎች አውሬ ሆነው አይሳሉም፤ የምናውቃቸው አክስትና አጎት ናቸው። ተመልካቹ ከአዳራሹ ሲወጣ በእነርሱ እየሳቀ፣ ወደ ቤቱ ሲገባ በራሱ እየሳቀ ነው።

ከዚያ ቴሌቪዥን መጣ

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥርጭት የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ሲሆን በተከላው የረዳው ቶምሰን የተባለ የእንግሊዝ ኩባንያ ነው። የእንግሊዝ ነገር ለእኛ ሰፈር ሰውም ቢሆን ሩቅ አልነበረም። ከጳውሎስ ሆስፒታል ብዙም የማይርቀው ጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት ከጠላት ወረራ በኋላ በብሪቲሽ ካውንስል ድጋፍ የተከፈተና እንግሊዛውያን መምህራን ያስተማሩበት ነው፤ በዓሉ ግርማንና ሰሎሞን ደሬሳን የመሳሰሉ ጸሐፊዎች አልፈውበታል።

በመጀመሪያዎቹ ዘመናት ቴሌቪዥን የጥቂቶች ነበር። ብዙ ወላጆቻችን ያዩት በጎረቤት ቤት ወይም በቀበሌ አዳራሽ ተኮልኩለው ነው። ስለዚህ ሳቁም የጋራ ነበር፤ ማንም ለብቻው በጆሮ ማዳመጫ አልሳቀም። በደርግ ዘመን መጨረሻና ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ደረጀ ኃይሌና ሀብቴ ምትኩ፣ አለባቸው ተካና ልመንህ ታደሰ፣ ተስፋዬ ካሣና ሌሎችም በመድረክ፣ በካሴትና በቴሌቪዥን የቤተሰብ ሁሉ ባለሟል ሆኑ። የእንቁጣጣሽና የገና ዋዜማ ያለ እነርሱ አይደምቅም ነበር። ቤተሰቡ ዶሮው እስኪበስል ቴሌቪዥኑ ፊት ይሰበሰባል፤ ሽንኩርት የምትከትፈዋም ቢላዋዋን እንደያዘች በበሩ ብቅ ትላለች።

እውነተኛው ሳምንታዊ የቤት ውስጥ ኮሜዲ የመጣው ዘግይቶ ነው። በ2000ዎቹ ዓ.ም. በመንግሥት ቴሌቪዥን የታየው፣ ጥላሁን ጉግሳ የሠራው «ቤቶች» ድራማ የዚህ ዓይነት ነው። ስሙ ራሱ ይናገራል፤ «ቤቶች!» ብሎ የሰው ደጅ እንደሚያንኳኳ እንግዳ። በአንድ ግቢ ውስጥ ባልና ሚስት፣ ልጆችና የቤት ሠራተኞች አሉ። በየሳምንቱ አንድ አለመግባባት ይነሳል፤ ይካረራል፤ ይበርዳል። አንባቢዬ፣ ይህ አሠራር ከሆምፈርዝ ሽማግሌዎች ጋር አንድ መሆኑን ታያላችሁ። ማንም ከማንም ስላልቀዳ አይደለም፤ ወይም ስለቀዳ አይደለም። ቤት የሚባለው ነገር በዮርክሻየርም በጉለሌም አንድ ስለሆነ ነው። ቤት ማለት ትናንት የተጣላኸው ሰው ዛሬ ጠዋት ቁርስ ላይ የሚገኝበት ቦታ ነው።

ሳቁ የሚያርፈው በማን ላይ ነው?

እስካሁን ያወራነው ስለ መልካሙ ነው። ይሁን እንጂ «ቀልድ» የሚባል ሁሉ እንዲህ አይደለም። በአገራችን ኮሜዲ ውስጥ ለረጅም ጊዜ በቀላሉ ሳቅ የሚያስገኙ ሰዎች ነበሩ፣ አሉም፤ ከገጠር የመጣችው የቤት ሠራተኛ፣ የጥበቃ ሠራተኛው፣ አማርኛው የሚሰባበርበት ሰው። ቀልደኛው ምንም ብልሃት አያስፈልገውም፤ የእነርሱን አነጋገር ማስመሰል ብቻ ይበቃዋል።

እኛ የምንኖረው ጉለሌ ነው። ወደ ሽሮ ሜዳ ስትወጡ ከጋሞ ደጋ፣ ከዶርዜ የመጡ አባቶችና ልጆቻቸው ትውልድ ተሻግረው የሚሸምኑበትን ሰፈር ታገኛላችሁ። በጥምቀትም በገናም፣ በሰርጋችንም በምርቃታችንም የምንለብሰው ከእጃቸው የወጣ ነው። ሸማኔ ግን በዚህ አገር ከጥንት ጀምሮ የተናቀ ሰው ነበር። አጼ ምኒልክ ነገሩ ስለከበዳቸው በ1900 ዓ.ም. ባስነገሩት አዋጅ፣ ሠራተኛን በሙያው እየጠሩ መስደብን ከለከሉ፤ ብረት ሠሪውን፣ ሸማኔውን፣ ቆዳ ፋቂውን የሚሰድብ ሰው አገሪቱን እንደሚጎዳ ገለጹ። አስቡት፤ ንጉሠ ነገሥት ስለ ስድብና ስለ ፌዝ አዋጅ እስኪያወጣ ድረስ፣ ፌዝ የአገር ጉዳይ ሆኖ ነበር ማለት ነው። ከመቶ ዓመት በላይ አለፈ። የእነዚያን አባቶች አማርኛ እያስመሰሉ ሳቅ መሸመት ግን ዛሬም አላቆመም፤ በየስልኩ ይታያል፤ አንዳንዴም በወጣቶች የጨዋታ ምሽት መድረክ ላይ ይወጣል። በዚያ አዳራሽ የሸማኔው ልጅ ከመዘምራኑ ጋር ተቀምጦ አለ። እርሱም ይስቃል። ሳይስቅ ቢቀር «ቀልድ አይገባህም» ይባላላ!

ይህን ሳቅ ከሆምፈርዙ ሳቅ የሚለየው ምንድን ነው? የአዋቂ ፍልስፍና አያስፈልገውም። የተሳቀበት ሰው በሚቀጥለው ሳምንት ደስ ብሎት ይመለሳልን? ጥያቄው ይህ ነው።

ቅዱሳት መጻሕፍት ሳቅን ያውቁታል

አንዳንዶቻችሁ «አማኝና ኮሜዲ ምን አገናኛቸው?» ብላችሁ ታስቡ ይሆናል። በእኛ አብያተ ክርስቲያናት ሳቅን እንደ ቀላልነት የሚቆጥሩ አባቶች ነበሩ፤ ምክንያትም ነበራቸው። ለእነርሱ ሳቅ ብዙ ጊዜ የመጣው ከውጭ፣ እንደ ድንጋይ ተወርውሮ ነው። ዛሬ እኛ በኩራት ራሳችንን የምንጠራበት «ጴንጤ» የሚለው ቃል መሳለቂያ ሆኖ ነው የጀመረው። በደርግ ዘመን ቤተ ክርስቲያናቸው ታሽጎ፣ በየቤቱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሲዘምሩ፣ በሥራ ቦታቸውና በትምህርት ቤታቸው የተሳቀባቸው እናቶችና አባቶች በመካከላችን አሉ። ጠይቋቸው። የፌዝን ጣዕም ያውቁታል። የእነርሱ ልጆች የሆንን እኛ በሌላው ላይ ለመሳለቅ ከሁሉ የዘገየን መሆን ይገባን ነበር።

ቢሆንም መጽሐፍ ቅዱስ ሳቅን አልከለከለም። የእምነት አባት የሚባለው አብርሃም ተስፋውን ሲሰማ በግምባሩ ተደፍቶ ሳቀ፤ ሣራም በድንኳኑ ውስጥ ሳቀች። እግዚአብሔርም ለሚወለደው ልጅ የመረጠው ስም ይስሐቅ ነው፤ ትርጉሙም ሳቅ። በዕፍረትና በአለማመን የጀመረው ሳቅ በዘፍጥረት 21 ላይ ሰው ሁሉ አብሮ የሚስቀው ደስታ ሆነ። ሣራ ከድንኳኑ አልተባረረችም! በመሳቋ ተገሠጸች፣ ከዚያም የሳቅ እናት ተባለች።

በአንጻሩ በምሳሌ 26 ላይ ጎረቤቱን አታልሎ «ቀልዴን እኮ ነው» የሚለው ሰው እሳት ከሚወረውር እብድ ጋር ተወዳድሯል። ጳውሎስም በኤፌሶን 5 ለአማኞች የማይገባውን ዋዛ ለይቶ ያስጠነቅቃል። እንግዲህ መጽሐፉ የሚለየው ሳቅንና ዝምታን አይደለም፤ የሚያስገባ ሳቅንና የሚያስወጣ ሳቅን ነው።

ስለ ቤተ ክርስቲያን ካነሳን ሚስተር ቢንን እናስታውስ። ሮዋን አትኪንሰን የሚጫወተው ይህ ሰው በጃንዋሪ 1 ቀን 1990 እ.ኤ.አ. በታየው የመጀመሪያ ክፍሉ ላይ ቤተ ክርስቲያን ይገባል። በስብከት መካከል እንቅልፍ ያዳፋዋል። ከረሜላ ተደብቆ ለመብላት ይታገላል። መዝሙሩን አያውቀውም፤ ስለዚህ እያጉተመተመ ይቆይና «ሃሌ ሉያ» የምትለው ቃል ስትደርስ አዳራሹን በድምፁ ያናውጠዋል። በማን ነው የሳቅነው? በእምነት አይደለም፤ በሰባኪውም አይደለም። በራሳችን ነው። በስብከት ሰዓት ያላንቀላፋ፣ የማያውቀውን መዝሙር አፉን እያንቀሳቀሰ ያላሳለፈ ማን አለ?

የለዘብተኛ ሳቅ ልክ

እዚህ ላይ ከእናንተ መካከል አስተዋይ የሆነ አንባቢ ሊሞግተኝ ይችላል። «ሁሉን ይቅር የሚል ሳቅ ክፋትንም ያለምዳል» ሊል ይችላል። ሙግቱ ከባድ ነው፤ ታሪክም ይደግፈዋል። መንግሥቱ ለማ በጠለፋ ላይ ያሳቀው በ1950ዎቹ ነው። በ1949 የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ግን ጠላፊው የጠለፋትን ልጅ ካገባት ከቅጣት የሚያመልጥበትን በር ከፍቶ ነበር። ያ በር የተዘጋው በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ በዋለው የወንጀል ሕግ ነው። በመካከል ወደ ግማሽ ምዕተ ዓመት የሚጠጋ ጊዜ አለፈ፤ ስንት ልጆች ከትምህርት ቤት መንገድ ላይ ተወሰዱ። ሳቅ ብቻውን አላዳናቸውም። ሕግ፣ ሙግትና ዕንባ ያስፈልግ ነበር።

ስለዚህ ለስላሳ ሳቅ ሁሉንም ሥራ ይሠራል አልልም። ነካሹም ሳቅ ጊዜ አለው። ኤልያስ በቀርሜሎስ ተራራ ላይ በበኣል ነቢያት ላይ ሲሳለቅ ለስላሳ አልነበረም። ያላገጠው ግን በድሃ አነጋገር አልነበረም፤ ንጉሥና ንግሥት በቆሙለት ሐሰት ላይ ነበር። ተክለ ሐዋርያትም በአውሬዎቻቸው የነከሱት ሹማምንትን ነው። ነካሽ ሳቅ ኃይል ባለው ሐሰት ላይ ሲያርፍ ድፍረት ነው። አቅም በሌለው ሰው ላይ ሲያርፍ ግን ጭካኔ ነው፤ ስሙ ቀልድ ቢባልም። በቤት፣ በሰፈርና በአጥቢያ ውስጥ አብረን ለምንኖር ሰዎች ግን የሚያስፈልገን ዕለታዊ እንጀራ ለስላሳው ነው። ጉድለታችን እንዲታይ ያስፈልገናል፤ ከታየ በኋላም ቦታችን እንዲቆየን ያስፈልገናል። ሁለቱን በአንድ የሚያደርግ ነገር ብዙ አይደለም።

ሰዎች የድሮ ኮሜዲ ደጋግመው የሚያዩበት ምክንያትም እዚህ ላይ የተገለጠ ይመስለኛል። የሚመለሱት ለቀልዱ ብቻ አይደለም፤ ቀልዱንማ ያውቁታል። የሚመለሱት ሰው ከነጉድለቱ የማይጣልበትን ቤት ለማየት ነው። አንድ ሰው ስህተቱ በስልክ ተቀርጾ በአንድ ሌሊት አገር በሚያዳርስበት፣ ከዚያም በኋላ ወደ ሰፈሩ የሚመለስበት ፊት በሚያጣበት ዘመን፣ እንዲህ ያለ ቤት መናፈቅ አይገርምም። የሚያሳዝነው ናፍቆቱ በቴሌቪዥን ብቻ ተወስኖ ሲቀር ነው። ይህን ቤት በየሳምንቱ እንድንሠራው አደራ የተሰጠን ሰዎች እኛ ነንና። አጥቢያም እኮ አሠራሩ ያው ነው፤ እነዚያው ሰዎች፣ ከእነዚያው ጠባዮቻቸው ጋር፣ በየእሑዱ። ዘግይቶ የሚመጣው ዘማሪ አለ፤ ጸሎቷን የምታስረዝመው እህት አለች፤ ማይክሮፎን ከያዘ የማይለቀው ወንድም አለ። ብንስቅባቸው አይፈረድብንም፤ በእኛም ይስቃሉ። አብረን ሻይ እስከጠጣን ድረስ።

እንግዲህ የወጣቶች ኅብረታችሁ ለመጪው በዓል አጭር ድራማ እያዘጋጀ ከሆነ፣ ጽሑፉን ጨርሳችሁ ከመለማመዳችሁ በፊት አንድ ነገር አድርጉ። ሳቁ የሚያርፍበትን ሰው ስም በወረቀት ላይ ጻፉ፤ የገጠሩ አባት፣ የቤት ሠራተኛዋ፣ ሽማግሌው፣ መሪው፣ እናንተ ራሳችሁ። ከዚያ ያ ሰው በፊተኛው ወንበር ላይ ተቀምጦ እንደሚያይ አስቡ፤ ምናልባትም በእርግጥ ይቀመጥ ይሆናል። ከትርኢቱ በኋላ ወደ እናንተ መጥቶ እየሳቀ ትከሻችሁን የሚመታችሁ ከሆነ ተለማመዱት። አንገቱን ደፍቶ በጓሮ በር የሚወጣ ከሆነ ግን ቅደዱትና ሌላ ጻፉ፤ ገና ጊዜ አላችሁ።